የማያም ቁስል በስንት ይለካል?

«ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ያምሃል?» ሐኪሞች ሕመምን የሚለኩባት ይህች ጥያቄ፣ በአዲስ አበባ ከአየር ጤና ብዙም በማይርቀው ዘነበ ወርቅ ሰፈር ዋጋ የምታጣበት በሽታ አለ። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነርቭን ያደነዝዛል። ሚስማር የወጋው ሰው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ደሙን ያያል እንጂ አያመውም። ትኩስ ድስት በባዶ እጇ ያወረደች እናት መቃጠሏን የምታውቀው በጠረኑ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ግን ደባቂው ራሱ በሽታው ነው።

ስለዚህ ባለሙያው የሚፈልገው የማያመውን ቦታ ነው። ታማሚውን ዓይኑን አስጨፍኖ መዳፉንና ውስጥ እግሩን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ያደርግና የተነካበትን እንዲያመለክት ይጠይቀዋል። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ጤነኛ እጅ ደረጃ 0፣ የደነዘዘ ነገር ግን ጉዳቱ ለዓይን የማይታይ ደረጃ 1፣ ጉዳቱ የሚታይ ደረጃ 2 ነው። ብልህ መለኪያ ነው፤ ሰውየው «ደኅና ነኝ» እያለ አደጋውን ቀድሞ ያያል።

ጣጣው ያለው ሌላኛው መለኪያ ላይ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ግብ ታማሚዎች ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች እንዲሆኑ ነበር። ኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. እዚያ ደረሰች። ድሉ የሐሰት አይደለም፤ ጥምር መድኃኒቱ በርግጥ ይፈውሳል። ይሁንና ቆጠራው የሚያውቀው መድኃኒት ላይ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ለከባዱ ዓይነት የሚሰጠው ሕክምና በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ24 ወደ 12 ወር ሲያጥር፣ አንድም ሰው ከበሽታው ሳይተርፍ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ጣቶቿን ያጣች ሴትም የመጨረሻዋን ክኒን ስትውጥ ከመዝገብ ትፋቃለች።

ከዚያ ወዴት? በ1920ዎቹ ዓ.ም. በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተቋቁሞ በ1958 ዓ.ም. አለርት ከሆነው ሆስፒታል ዙሪያ ያለው የቆሬ ሰፈር አንዱ መልስ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና መጥተው፣ ድነውም ወደ ቀዬአቸው መመለስ ያልቻሉ ብዙዎች እዚያው ጎጆ ቀለሱ። ያስቀራቸው ባክቴሪያው አልነበረም፤ የጎረቤት ዓይን ነው።

ይህን ዓይን የትኛው ሚዛን ይመዝነዋል? የዓለም ባንክ በ1993 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ ያስተዋወቀው ስሌት ያለዕድሜ በሞትና በአካል ጉዳት የባከኑ ዓመታትን ይደምራል፤ ሙሉ ጤና 0፣ ሞት 1። የ2010 እ.ኤ.አ. ክለሳው በባንግላዴሽ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፔሩ፣ በታንዛኒያና በአሜሪካ ሰዎችን ጠይቆ ለየጉዳቱ የሚሰጡትን ክብደቶች አሻሻለ። የሚመዘነው ግን የጤና ጉድለት ብቻ እንዲሆን ታስቦ ነው፤ መገለል በአብዛኛው ከሚዛኑ ውጭ ቀረ። ለበጀት ድልደላ ምቹ ነው፤ ለቆሬ ግን የዕዳውን ትልቁን ገጽ መቅደድ ነው።

መቁጠር ይቁም የሚል የለም። ባይቆጠር ኖሮ ለመድኃኒቱ የሚወጣው ገንዘብም ባልተገኘ። በኢትዮጵያ በዓመት 3000 ያህል አዳዲስ ታማሚዎች የተመዘገቡባቸው ዓመታት ሩቅ አይደሉም። የጤና ሚኒስቴር ግን ሕክምናቸውን ለጨረሱት አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይክፈት፦ ከዓመት በኋላ የት ነው የሚኖሩት? እጅና እግራቸውስ በስንተኛው ደረጃ ላይ ነው?