ስለት የነበረ ካባ፦ የእንጦጦ ማርያም ሙዚየም አቀራረብ

አንዲት እናት ከጠበል መልስ ወደ ሙዚየሙ ገቡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከመስታወቱ ፊት ቆሙና እጅ ነሱ። ከጎናቸው የነበሩት ጎብኚዎች የሚመለከቱት የነገሥታት ልብስ ነበር፤ እሳቸው የሚመለከቱት ግን የማርያምን ንብረት ነው። በእንጦጦ ማርያም ቅጥር ውስጥ በአጼ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ መታሰቢያነት የቆመውን ይህን ሙዚየም ለመመዘን ከእኚህ እናት የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ነገሥታት ካባቸውን፣ ዘውዳቸውንና ነጋሪታቸውን ለደብር መስጠታቸው የቆየ ወግ ነው። አንዱ ለስለት፣ ሌላው ለድል ምስጋና፣ ሌላውም ለነፍስ ይሰጣል። ዕቃው ከተሰጠ በኋላ ባለቤቱ ንጉሡ መሆኑ ይቀራል፤ ደብሩ ይሆናል። ዕቃ ቤት የገባ ካባ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው ማለትም ይቻላል። መስታወት ውስጥ ሲሰቀል ግን ወደ ኋላ ተመልሶ «የንጉሡ ልብስ» ይሆናል። ማን ሰፋው፣ በየትኛው ቀን ተሰጠ፣ ስለ ምን ተሰጠ የሚለው ከአጭሩ መግለጫ ውጭ ይቀራል። የጎደለውን የሚሞላው አስጎብኚው ነው፤ እሱ የሌለ ቀን ካባው ዲዳ ነው።

የሚገርመው፣ እኛ ለዚህ ጉዳይ ከጥንትም መላ የነበረን ሰዎች ነን። በየገዳማቱ ወርቅ ወንጌል በሚባለው መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ማን ምን እንደሰጠ፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደሆነ፣ እነማን ምስክር እንደነበሩ ይጻፍ ነበር። የሰጠውን መልሶ የሚወስድ፣ የሚሰርቅ ወይም የሚፍቅ ሰው የሚወገዝበት ቃልም ይታከልበታል። ሰጪ፣ ምክንያት፣ ዘመን፣ ምስክርና ግዝት በአንድ አንቀጽ! አንድ የሙዚየም መግለጫ ከዚህ በላይ ምን ሊል ይችላል? ከውጭ የተቀዳውን «ስም፣ ዓይነት፣ ዘመን» የሚል ቅጽ ትተን ከዚህ ባህል ብንነሳ፣ ጎብኚውና ምእመኗ በአንድ ዕቃ ፊት ቆመው መግባባት ይችሉ ነበር።

ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ማሳየቱ እንዲሁ ከኑሮ የተቀዳ አሠራር ስለሆነ ነው የተሳካለት።

የእንጦጦው ትረካ የሚደምቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚህ ደብር በአቡነ ማቴዎስ እጅ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡበት ዕለት ነው፤ ሌላው የ1888ቱ ዓድዋ። ሁለቱም ይገባቸዋል። ሆኖም ይህ ተራራ ከድሉና ከዘውዱ ይልቅ በቅርብ የሚያውቀው ሌላ ታሪክ አለው። ጣይቱ መጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ገለል ተደረጉ። ባላቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ወደዚሁ ደብር አጠገብ መጥተው፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ እዚህ ኖሩ። አዲስ አበባን ስም ያወጡላት ሴት፣ ከተማዋን ከላይ ቁልቁል እያዩ አራት ዓመት ተቀመጡ። እነዚያ ዓመታት አንድ ሙሉ ክፍል ይገባቸዋል። የዓድዋው ታሪክ የካቲት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው የፒያሳው መታሰቢያ በስፋት ይነገራል፤ የጣይቱን ስደት የሚናገር ቦታ ግን ከእንጦጦ ሌላ የት አለ?

ከሙዚየሙ ጥቂት እልፍ ሲሉ የምኒልክ አሮጌ ግቢ ይገኛል። በጭቃ የተመረገ፣ በኖራ የነጣ፣ ሣር የተከደነ ቤት ነው። ለእኔ የአካባቢው ትልቁ ቅርስ ይህ ነው። ንጉሠ ነገሥት የሚባል ሰው እንዴት እንደኖረ በመስታወት ሳይከለል ያሳያልና፤ ዝቅ ብሎ የገባ ሰው በወርቅ ክር ከተጠለፈው ካባ ያላገኘውን ነገር ከግድግዳው ያገኛል። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃ የወረደው በብርዱና በውሃ እጦት ብቻ አልነበረም፤ እንጨቱም አልቆ ነበር። ተራራው ተራቁቶ ከተማይቱ ራሷ ልትለቀቅ በታሰበችበት ጊዜ የደረሰላት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ይህ ታሪክ በሙዚየሙ ደጅ በየቀኑ ያልፋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለመዝናናት በመኪና የሚወጣው ሰው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶችን መንገድ ላይ ያገኛል። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይሰፋል፤ ከኋላ ሲታይ እግር ብቻ ያወጣ ችቦ ይመስላል። ወገባቸውን ያጎበጠው ማሰሪያ ጠፍር ከነጋሪቱ አጠገብ ቢሰቀል፣ ከሥሩም የተሸካሚዋ ስም፣ የወረደችበት መንገድና ስንት ዓመት እንደተሸከመች እንደ ወርቅ ወንጌሉ ቢጻፍ፣ ነጠላ ያጣፉት እናት እዚያም ፊት ቆም ይሉ ነበር።