ዱቄቱን ተዉትና ቅጠሉን አሳዩኝ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ሽፈራው በሁለት መልክ ይሸጣል። አንዱ ጠዋት ተቆርጦ የመጣ፣ በእቅፍ የታሰረ እርጥብ ቅርንጫፍ ነው፤ ለጎመን። ሌላው በላስቲክ የታሸገ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ለሻይ። ለጎመን የምትገዛው የቤት እመቤት ቅጠሉን ትገለብጣለች፣ አንዱን ቀንጥሳ ታኝካለች፣ ካልጣማት ወደ ሌላዋ ሻጭ ታልፋለች። ዱቄቱን የሚገዛው ግን ብዙውን ጊዜ መንገደኛ ነው፤ ቀለሙን አይቶ ይከፍላል። እኔ በዱቄቱ እምነት የለኝም። ግንጣዩንም፣ አቧራውንም፣ የአምናውንም ቅጠል፣ ፀሐይ ያቃጠለውንም አንድ አድርጎ ይሸፍናል። ሥራውን የሚያውቅ የሽፈራው ሻይ ሠሪ ቅጠሉን ሳይፈጭ ለማሳየት አያፍርም። ከሱም የሚበልጠው ከዘር ጀምሮ በጓሮው ያበቀለው ነው፤ ዛፉን ስለሚያውቀው።

የትኛው ዛፍ? «ሞሪንጋ» በሚል አንድ ስም ሁለት ዓይነት ይሸጣል። ጋሞና ወላይታ ሀሌኮ የሚሉት፣ ኮንሶ በእርከኑ ላይ ከማሽላ ጋር የሚያበቅለው፣ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ተወላጅ ነው። ሌላው ከህንድ የመጣው ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ዓመት ሳይሞላው ሊያብብ ይችላል። የኛው ለአበባ ከሁለት ዓመት በላይ ያስጠብቃል። መለየቱ ቀላል ነው፦ የህንዱ ቅጠል እንደ ጥፍር ትንሽና ክብ ነው፣ ከሁለት ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የኛው ከሦስት እስከ ስድስት ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ የግንዱም ሥር ውሃ ስለሚያጠራቅም አብጦ ይታያል። የህንዱን አልንቅም፤ ነገር ግን የአርባ ምንጭ ሽፈራው ነው ብሎ የሚሸጥልኝን ሰው ቅጠሉን ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል። ዱቄት ከሆነ ያ ጨዋታ አበቃ።

የዘር ዳኝነት ከእናቲቱ ዛፍ ይጀምራል። የሽፈራው ምሬት ከዛፍ ዛፍ ይለያያልና ዘር ከመለቀሙ በፊት ቅጠሉ ይቀመሳል። ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ከቆየ ያ ዛፍ ለጥላ ይሁን። ፍሬው ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ግማሽ ሜትር ይሆናል፤ ዛፉ ላይ ቡናማ ሆኖ ደርቆ ሊከፈት ሲል መልቀም ነው። በአረንጓዴው የተቆረጠ ዘር ቢበቅል እንኳ ደካማ ነው። ከገዙት ላይ ሁለት ሦስቱን ሰንጥቀው ይዩ፦ ውስጡ ነጭና ጠጣር ከሆነ ሕይወት አለው፤ ቢጫ ሆኖ የሰነበተ ዘይት ከሸተተ ገንዘብዎን ይቀበሉ። (ይኸው ዘር ተወቅጦ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ጭቃውን ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። የአባያ ሐይቅን ቀለም ያየ ሰው ይህ ሙያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይገባዋል።)

ዘሩ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ገባ ተደርጎ ይቀበራል፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። ችግኝ ሲመርጡ ቁመት አያታልልዎት። ብዙ ሰው ረጅሙን ያነሣል፤ ረጅምና ቀጭን ችግኝ ጥላ የበዛበት ነው። እኔ የማነሣው አጭሩን፣ ሥሩ አካባቢ ወፈር ያለውን፣ ቅጠሉ የጠቆረውን ነው። ከዚያ ችግኙ ያለበትን ፕላስቲክ ከፍ አድርጌ ከታች አያለሁ። ሽፈራው እንደ ካሮት ያለ ወፍራም ዋና ሥር ያወጣል፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ ከሰነበተ ሥሩ ታች ደርሶ ይጠማዘዛል፣ መሬት ከገባም በኋላ ያ ጠማማነት አይቃናም። ከቅርንጫፍ ቁራጭ የተተከለ ቶሎ ቅጠል ይሰጣል፣ ሥሩ ግን እንደ ዘሩ ጠልቆ አይሄድም፤ በድርቅና በነፋስ ጊዜ ልዩነቱ ይታያል። ውሃ ማብዛት ደግሞ ከጥማት ይልቅ ይገድለዋል። አርባ ምንጭ 1,285 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ሙቀቱ ይስማማዋል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ወዳለችው ጨንቻ ይዞ መውጣት ግን ችግኙን ለብርድ መስጠት ነው።

የጓሮ ዛፍ ሲጎበኙ ቁመቱን ይለኩ። ዝም ብሎ የተለቀቀ ሽፈራው ቤቱን አልፎ ይሄድና ቅጠሉን ለመልቀም መሰላል ያስፈልጋል። ሙያ ያለው ሰው ጫፉን በጊዜ ይቆርጠውና ጎን ለጎን እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል፤ ሲቆርጥም ዛፉን እርቃኑን አያስቀረውም። አባጨጓሬ በድሩ የጠቀለለው ቅጠል ካዩ አይደንግጡ፣ ያንን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማቃጠል ይበቃል። ፀረ ተባይ ረጭቶ በማግስቱ ለሻይ የሚለቅም ካለ ግን ከሱ አይግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፦ ማድረቅ። ሻዩ የሚበላሸው እዚህ ነው። «እማማ፣ የት አደረቁት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ጣራ ሥር» ካሉ ጨዋታው ይቀጥላል፤ «ፀሐይ ላይ፣ በአንድ ቀን» ካሉ አመስግኖ ማለፍ ነው። ፀሐይ የቅጠሉን አረንጓዴነት ይወስዳል፣ ቫይታሚን ኤ የሚሰጠውንም ነገር ይቀንሰዋል። ቅጠሉ ታጥቦ፣ ውሃው ጠፍፎ፣ ከግንጣዩ ተላጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ወንፊት ወይም ንጹሕ ጨርቅ ላይ ስስ ሆኖ ይሰጣል። ነፋስ የሚገባበት ጥላ ነው የሚፈልገው። በበጋ ሙቀት በጥቂት ቀን ያልቃል። በሚያዝያ ዝናብ ግን እርጥበቱ ያሸንፋል፤ ተደራርቦ ያደረ ቅጠል ይጠቁራል፣ ሻጋታም ይይዛል። እኔ በዝናብ ወር የደረቀ አልገዛም።

ፈተናው በመዳፍ ነው። ከከረጢቱ ትንሽ ያንሡና ይጨብጡ። ጥሩ ቅጠል ድምፅ እያሰማ ይሰባበራል፤ የሚተጣጠፍ ከሆነ እርጥበት አለው። ከዚያ መዳፍዎን ይክፈቱና ያሽትቱ፦ አሁን የታጨደ ሣር ጠረን፣ ከሥሩም ሰናፍጭ የሚያስታውስ ትንሽ መውጋት። የጓዳ ሽታ ካለው ይመልሱት። መዳፍዎ ላይ የቀረውን ግንጣይም ይቁጠሩ፤ የበዛ ከሆነ ላጭዋ ቸኩላለች።

ሲኒው ውስጥ የሚፈረደው ፍርድ ከዚህ በኋላ አጭር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል፣ ፈልቶ የወረደ ውሃ፣ አምስት ደቂቃ ክዳን። ውሃው ወደ ገለባ ቀለም የሚያደላ አረንጓዴ ይሆናል። ቡናማ ከሆነ ወይ ፀሐይ አይቶታል፣ ወይ አርጅቷል፣ ወይ እሳት ላይ ተረስቷል። ያ ቀጭን መውጋት ምላስ ላይም ይገኛል፤ ሽፈራው ከጎመንና ከሰናፍጭ ጋር፣ እዚያው አርባ ምንጭ ከሚበቅለው ፓፓያም ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ የፓፓያን ዘር ያኘከ ያውቀዋል። ስኳር ካስፈለገ ቅጠሉ ጥሩ አይደለም ማለት ነው እላለሁ፤ ሎሚ ግን አልከለክልም። የጋሞ ሰው የቡና ቅጠልን ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር እያፈላ ሲጠጣ የኖረ ነው፤ ቅጠል ማፍላትን ማንም አያስተምረውም። የሽፈራው ሻይ ከጎመኑ በኋላ የመጣ ልማድ ቢሆንም ያረፈው በሠለጠነ ምላስ ላይ ነው።

ለደም ግፊትና ለስኳር ይበጃል ብለው የሚጠጡት ብዙ ናቸው። የሐኪም መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን በሻይ አይተካ፣ መጠጣቱንም ለሐኪሙ ይንገር፤ ነፍሰ ጡርም ሳትጠይቅ አትጠጣ። ሥሩን አፈላልሃለሁ የሚል ቢመጣ እምቢ ማለት ነው።

የተረፈውን ቅጠል ሳይፈጩ ብርሃን በማይገባበት ጣሳ ይክደኑት፤ የሚሰባበረው ሲኒው ሲቀርብ ብቻ ነው። ጠረኑ ወደ ገለባ የተለወጠ ዕለት ሻይነቱ አልቋል፤ ፍየል ካለ ለፍየል፣ ከሌለም ለአዲሱ ችግኝ ማዳበሪያ።