«ድፍረት»፦ ፊልሙና የእኛ ሽምግልና

«ድፍረት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ጀግንነት ማለት ነው፤ የሴትን ክብር በጉልበት መጣስ ማለትም ነው። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ለፊልሙ ይህን ስም የሰጠው ሁለቱንም አስቦ ነው። ፊልሙ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ለእኛ ለአሽቀሎን ነዋሪዎች ግን ትልቁ ነገር ቋንቋው ነው። ዕብራይስጥ የማያነቡ እናቶቻችን ያለ አስተርጓሚ ይሰሙታል።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1996 በአርሲ፣ አበራሽ በቀለ የተባለች የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት፤ ተደፈረች። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋ ደረሰባት፤ በያዘችው ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶ ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት እስራት ደንግጓል።

የፊልሙ ምርጥ ክፍል የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። አባቶች ተቀምጠው በጨዋ አንደበት፣ በየተራ ስለ ልጅቱ ይመክራሉ። ልጅቱ ግን በመካከላቸው የለችም። ዳይሬክተሩ ሽማግሌዎቹን ክፉ ሰዎች አድርጎ አልሣላቸውም፤ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። አነጋገራቸውን እናውቀዋለን፤ የአባቶቻችን አነጋገር ነው።

ይሁን እንጂ ፊልሙን ሳመሰግን ሁለት ነገር ቅር ይለኛል።

አንደኛው የስም ጉዳይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ በእውነተኛ ስሟ ትጠራለች፤ ልጅቱ ግን «ሂሩት» ተብላለች። በመስከረም 2014 ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ባለታሪኳ ሳልጠየቅ ታሪኬ ተወሰደ ብላ ነበርና። እግዱ በኋላ ቢነሣም ትምህርቱ አይረሳም፤ ሽማግሌዎቹም የፊልሙ ሰዎችም ስለ እርሷ ሲናገሩ እርሷን አላዳመጡም።

ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ይከብዳል። በፊልሙ ውስጥ ጥቃቱ የሚመጣው ከውጭ፣ በፈረስ ተጭኖ ነው። እንዲህ ያለውን ማውገዝ አይከብድም፤ አገር ቤት ትተነው መጣን እንላለን። በእኛ ሕንፃዎች ውስጥ ያለው ጥቃት ግን በራሱ ቁልፍ በሩን ከፍቶ ይገባል፤ ከአንድ መሶብ ይበላል። ባል ሥራና ክብር ሲያጣ፣ ሚስት ስትሠራና ቋንቋ ስትለምድ፣ የቤቱ ሚዛን ይናጋል። ይህ የዱላውን መነሻ ያስረዳል እንጂ ይቅርታ አይሆነውም። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚል ተረትም ከእኛው ጋር በአውሮፕላን መጥቷል።

እኔም ለሽምግልና ተቀምጬ አውቃለሁ። ባልዋ አጠገቧ ተቀምጦ «በድሎሻል ወይ?» ብለን ጠየቅናት፤ ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርገን፣ «ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» ብለን መርቀን መለስናት። ወር ሳይሞላ ክንዷ ተሰብሮ አየኋት። ፊልሙን ሳይ ከሽማግሌዎቹ መካከል ራሴን ፈለግሁ።

ታዲያ ሽምግልና ይቅር ማለቴ ነውን? አይደለም። ፊልሙ ሕግን በአንድ ወገን፣ ሽማግሌን በሌላ ወገን አቁሞ አንዱን ምረጡ ይለናል። በስደት አገር ላለች ሴት ግን ሁለቱም ያስፈልጓታል። ፖሊስ የምትፈራ፣ ቋንቋው የሚያስቸግራት ሴት መጀመሪያ የምታንኳኳው የሽማግሌን ወይም የቄስን በር ነው። ከዚያ በር ወደ ሕግ የሚወስዳት ሰው ማግኘት አለባት።

በእስራኤል የቤተሰብ ውስጥ ጥቃት መከላከያ ሕግ የወጣው በ1991፣ ብዙዎቻችን በሰሎሞን ዘመቻ በገባንበት ዓመት ነው። በዚህ ሕግ ፍርድ ቤት «ጻቭ ሀጋና» ይሰጣል፤ ደብዳቢውን እስከ ሦስት ወር ከቤት ሊያርቅ ይችላል፤ ጊዜውም ይራዘማል። ስለዚህ ሽማግሌ ሴትዮዋን ባልዋ በሌለበት፣ ሌላ ሴት ባለችበት ያነጋግራት። ልጇን አስተርጓሚ አያድርግባት። ዱላ ካለ ዕርቅ አይጀምር፤ በ118 ወደ ማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር፣ አደጋው ከቀረበ በ100 ወደ ፖሊስ ይደውልላት። «ልለይ ነው» ያለች ሴት ትልቁ አደጋ ላይ ያለችው በዚያው ሰሞን ነውና ብቻዋን አይተዋት።

«ድፍረት»ን ከወላጆቻችሁና ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ እዩት። ካለቀ በኋላም ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ፣ እስካሁን ያልተጠየቀችውን ጠይቋት።