«ማስጀመሪያ» ምን ያስጀምራል?
በአንድ የገበያ ዕቅድ ቅጽ አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

እንደሚታወቀው የሙያ ቃላት ትርጉም ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ነው። አቻው ከምንጩ ቃል ጎን ተቀምጦ ይታያል፤ ተመሳስሎ ከተገኘም ይጸድቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ግን በሥራ ላይ ውለው የተመዘኑ ጥቂት ስያሜዎችን ነው። መነሻችን በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ የሚሠራ አንድ የሸማኔዎች ማኅበር የሞላው የዕቅድ ቅጽ ነው። ማኅበሩ በጥለት ያጌጠ አዲስ ዐይነት የአንገት ልብስ ለጥምቀት ገበያ ለማድረስ አስቦ ነበር፤ ዕቅዱንም ያወጣው ገጽታው ወደ አማርኛ በተመለሰ የዕቅድ ሶፍትዌር ነው። የሶፍትዌሩንም ሆነ የማኅበሩን ስም መጥቀስ ለጉዳያችን አስፈላጊ ስላልሆነ ትተነዋል፤ የምንተቸው ቃላቱን ነው።

የሆነውን በአጭሩ እንግለጽ። ቅጹ «የምርት ማስጀመሪያ ቀን» የሚል ሣጥን አለው። የማኅበሩ ጸሐፊ በሣጥኑ ውስጥ ታኅሣሥ 25 ብለው ጻፉ። እሳቸው የተረዱት የአንገት ልብሱ ለሽያጭ የሚወጣበትን ቀን ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ሸማኔዎቹ ግን ሽመናው የሚጀመርበት ቀን መሰላቸው፤ ስለዚህም ድሩን የዘረጉት ታኅሣሥ 25 ቀን ነበር። ጥር 11 ቀን፣ ጥምቀት ሲደርስ፣ ያለቀለት ጥቂቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ለፋሲካ ገበያ ተላለፈ፤ ለክር መግዣ የተወሰደው ብድር ግን እስከ ፋሲካ የሚጠብቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በእኛ አስተያየት ሸማኔዎቹ ቃሉን ያነበቡት አማርኛው እንደሚለው ነው። «ማስጀመር» «ጀመረ» ከሚለው ግስ በ«አስ-» የተመሠረተ የአስደራጊ ቅርጽ ነው። «ምርት» ደግሞ ከአውድማ የሚገባውን እህል፣ በእጅ ወይም በፋብሪካ የሚሠራውን ዕቃ፣ አልፎም የመሥራቱን ሂደት ያመለክታል። ሁለቱ ሲጣመሩ «መሠራት እንዲጀምር ማድረግ» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ጸሐፊው ሌላውን ትርጉም ሊያገኙ የቻሉት የእንግሊዝኛውን ቅጽ ቀደም ሲል ስለሚያውቁት ነው። ምንጩን ለሚያውቅ ሰው ብቻ የሚገባ ትርጉም ደግሞ ዋናውን ዓላማውን ስቷል ማለት ነው።

የስሕተቱ ሥር አንድን የባዕድ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ለመተካት መፈለግ ይመስለናል። እንግሊዝኛው ለሮኬትም፣ ለመጽሐፍም፣ ለሸቀጥም በአንድ ግስ ይገለገላል። አማርኛ ግን ግሱን እንደ ነገሩ ጠባይ ይለያያል። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና «መጠቀች» እንላለን፤ ሕንፃና መጽሐፍ «ይመረቃል»፤ አገልግሎት «ሥራ ይጀምራል»። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን «ሥራ አስጀመረ» ቢባል አንባቢ አይሳሳትም፤ አገልግሎት የሚጀምረው ተገልጋዩ ሲያገኘው ነውና። የሸማ ሥራ ግን ከገዢው ዐይን ርቆ ቀደም ብሎ ይጀመራል። መሠራቱ አንድ፣ ይፋ መደረጉ ሁለት፣ መሸጡ ሦስት ነው። ስለሆነም በበኩላችን ሣጥኑ «የሥራ መጀመሪያ ቀን» እና «የሽያጭ መጀመሪያ ቀን» ተብሎ ለሁለት ቢከፈል እንመርጣለን። ማስታወቂያ ከሽያጭ ቀድሞ የሚወጣ ከሆነም «ይፋ የሚሆንበት ቀን» የሚል ሦስተኛ ሣጥን ማከል ይቻላል። ስያሜዎቹ አዲስ ፈጠራ የለባቸውም፤ ነገር ግን ድሩ መቼ እንደሚዘረጋና ሸማው መቼ እንደሚሸጥ አያምታቱም።

የቅጹ ርእስ ራሱ «ወደ ገበያ የመሄጃ ዕቅድ» ይላል። በአማርኛ ገበያ የሚሄደው ሰው ነው፤ ያውም ሸጦ ብቻ ሳይሆን ሸምቶም ይመለሳል። ዕቃ ለገበያ ይቀርባል፣ ገበያ ላይ ይውላል፣ ወይም ገበያ ይወጣል እንጂ ገበያ አይሄድም። ርእሱን ለብቻው ያነበበ ሰው የአስቤዛ ዝርዝር ቢጠብቅ አይፈረድበትም። «የገበያ ማቅረቢያ ዕቅድ» ቢባል ግሱ ከባለቤቱና ከተሳቢው ጋር ይስማማል። ተርጓሚው ስሙን ብቻ ሳይሆን ግሱ ማንን ባለቤት፣ ምንን ተሳቢ እንደሚያደርግ መመርመር ይኖርበታል የምንለው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ይልቅ ረቂቅ የሆነው ችግር «ዒላማ ደንበኞች» በሚለው ሣጥን ይገኛል። ስለ «ዒላማ» ብዙ አንከራከርም፤ ከተኩስ ሜዳ ወጥቶ «ግብ» ለሚለው ሐሳብ ማገልገል ከጀመረ ቆይቷል። አስቸጋሪው «ደንበኛ» ነው። በገበያችን ሻጭ ገዢውን «ደንበኛዬ» ይለዋል፤ ገዢም ሻጩን እንዲሁ። ቃሉ ከአንድ ጊዜ ግብይት ያለፈ፣ በመላመድና በመተማመን የጸና ግንኙነትን ያመለክታል። ገና ያልገዛ ሰው ደንበኛ ሊባል አይችልም። የማኅበሩ አባላትም በሣጥኑ ውስጥ የዘረዘሩት ለዓመታት ነጠላና ጋቢ ሲረከቧቸው የኖሩትን ባለሱቆች ነው። ቅጹ የፈለገው ግን አዲሱን የአንገት ልብስ ሊገዙ የሚችሉትን፣ ገና ያልተገኙትን ሰዎች ነበር። በዚህም ዕቅዱ አዲስ ገበያ እንዲፈለግበት ታስቦ የነባሩ ገበያ መዝገብ ሆኖ ቀረ። «የታሰቡ ገዢዎች» የሚለው ይህን ያርማል።

አራተኛው ነጥብ የቃል ሳይሆን የዘመን አቆጣጠር ነው። በቅጹ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሞላ ተደርጓል፤ የሩብ ዓመቱ አከፋፈል ግን የጎርጎርዮስ እንደሆነ ቀርቷል። በአገራችን የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ስለሆነ፣ «4ኛ ሩብ ዓመት» ሲባል ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ማለት ነው። በቅጹ ግን ከመስከረም 21 ገደማ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለው ጊዜ ነው። «ሩብ ዓመት» ያለ እንከን የተተረጎመ ስያሜ ነው፤ የሚያመለክተው ወቅት ግን ግማሽ ዓመት ያህል ይርቃል። ከቁጥሩ ጎን የወራቱን ስም መጻፍ ችግሩን ያስወግደዋል።

ይሁን እንጂ ቅጹን በጠቅላላው ማጣጣል ፍትሕ አይሆንም። «ቀነ ገደብ» በግእዝ አናባብ የተገነባ፣ አጭርና ግልጽ ስያሜ ነው። የሥራውን ዋና ዋና ደረጃዎች ለማመልከትም ተርጓሚው «የማይል ድንጋይ» ከሚለው ባዶ ቅጂ ርቆ «ምዕራፍ»ን መርጧል። ምዕራፍ «ዐረፈ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ መንገደኛ የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክት የግእዝ ቃል ነው፤ ስለዚህ ከምንጩ ምስል ጋር ሳይቀዳው ይገናኛል። «ሶፍትዌር»ን እንዳለ መውሰዱንም አንነቅፍም። ውሰት ቃሉ ማንንም አላሳሳተም፤ ሸማኔዎቹን ያሳሳቱት የታወቁት የአማርኛ ቃላት ናቸው። የማይታወቅ ቃል ያስጠይቃል፤ የታወቀ ቃል ግን ሳያስጠይቅ ያሳስታል።

ተርጓሚዎች የሣጥኑ ጥበት አጭር ስያሜ እንደሚያስገድድ ሊነግሩን ይችላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን «የሽያጭ መጀመሪያ ቀን» «ከየምርት ማስጀመሪያ ቀን» አይረዝምም። ከዚህም ሌላ በሽሮ ሜዳ አፍ መፍቻቸው ጋሞኛ የሆነ ሸማኔዎች ብዙ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ለእነርሱ አማርኛ የገበያና የሥራ ቋንቋ ነው። ቃሉን በአፍ ልማድ ሳይሆን በግልጽ ትርጉሙ ስለሚይዙት፣ ድርብ ትርጉም ያለው ስያሜ ከማንም አስቀድሞ የሚጎዳው እነርሱን ነው።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመበት ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ የስያሜ ሥራ በአብዛኛው ያተኮረው ስለ ነገሮች በሚናገሩ ቃላት ላይ ነው። የዕቅድ ቃል ግን ትእዛዝ ነው፤ አንብቦት ተነሥቶ የሚሠራ ሰው አለ። ስለዚህ አንድ የዕቅድ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት ምንጩን ለማያውቁ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተሰጥቶ፣ «ይህን ብታነቡ ምን ትሠራላችሁ? በየትኛውስ ቀን?» ተብሎ ቢጠየቁ እንላለን። መልሳቸው ከተለያየ ስያሜው ገና አልተተረጎመም። ከላይ ያቀረብናቸው አማራጮችም ከዚሁ ፈተና ነጻ አይደሉም፤ አንባብያን በየሥራ ቦታቸው ፈትነው ውጤቱን ቢያሳውቁን በደስታ እንቀበላለን።