ቤርታ ፓፐንሃይም፦ ምጽዋትን የሞገተ በጎ አድራጎት

ዮሴፍ ብሮየር እና ዚግመንድ ፍሮይድ በ1895 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የሂስተሪያ ጥናት፣ ማለትም የዘመኑ ሐኪሞች በተለይ የሴቶች ነው ይሉት ስለነበረው የነርቭ ሕመም በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ፣ «አና ኦ» በሚል የሽፋን ስም የቀረበችው ታማሚ ቤርታ ፓፐንሃይም (1859–1936) መሆኗ በይፋ የታወቀው ካረፈች ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሷ ከተጻፈው ብዙው በወጣትነቷ ሕመም ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ድርጅት ስትመሠርት፣ ስትጽፍና ስትሟገት የኖረችበትን ግማሽ ምዕተ ዓመት የሕመሙ ቅጥያ አድርጎ ያነባል። ይህ አነባበብ ስሕተት ብቻ ሳይሆን በደልም ነው፤ የፓፐንሃይም ሥራ በራሱ ሚዛን ሲመዘን የበጎ አድራጎትን ትርጉም ከሥሩ የጠየቀ ሆኖ ይገኛልና።

ፓፐንሃይም ከቪየና ወደ ፍራንክፈርት ከተዛወረች በኋላ በመጀመሪያ ለድሆች ምግብ በማደል፣ ከ1895 ጀምሮ ደግሞ ወላጅ አልባ የአይሁድ ልጃገረዶች በሚያድጉበት ቤት በኃላፊነት ለ12 ዓመታት አገልግላለች። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት በ1792 ስለ ሴቶች መብት የጻፈችውን መጽሐፍ በ1899 ወደ ጀርመንኛ የመለሰችው በዚሁ ኃላፊነት ላይ ሳለች ነው። ሁለቱን ሥራዎች ለያይቶ ማየት አይገባም፤ የሀብታም ቤተሰብ ሴቶች ለጽድቅ ሲሉ ከሚሰጡት ምጽዋት ይልቅ ልጅቷን ለችግር የዳረጋትን ሕግና ልማድ መመርመር የጀመረችው በዚህ ወቅት ነበርና።

ምርመራው ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው በጋሊሲያ ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሥር ወደነበረችው፣ ዛሬ ግን በፖላንድና በዩክሬን ተከፍላ ወደምትገኘው ወደዚህች ግዛት በ1903 ተጉዛ፣ የአይሁድን ማኅበረሰብ ሁኔታ በዘገባ አሳተመች። ድሆች ልጃገረዶች በጋብቻ ወይም በሥራ ተስፋ ተታልለው ወደ ውጭ አገር ከተወሰዱ በኋላ ለሴተኛ አዳሪነት የሚሸጡበትን ንግድ ስትመረምር፣ ጥፋቱን በልጃገረዶቹ ምግባር ላይ አልጫነችም። ይልቁንም ድህነትን፣ ወንዶቹን እያስተማረ ሴቶቹን የዘነጋውን ልማድ፣ በሃይማኖት ሥርዓት ብቻ ተፈጽሞ በመንግሥት መዝገብ ያልሰፈረውን ጋብቻ አንድ በአንድ አነሳች። ከእነዚህም ጋር የ«አጉና» ሁኔታን አያይዛለች። አጉና ማለት ባሏ ጥሏት የጠፋ ወይም የፍቺ ደብዳቤ የከለከላት፣ ስለዚህም በአይሁድ ሕግ ሌላ ማግባት የማትችል ሴት ናት፤ ከባሏም ከሕጉም መጠጊያ ያጣች ሴት ደግሞ ለነጋዴዎቹ የቀረበች ነበረች።

ከነጋዴዎቹ መካከል አይሁዳውያን መኖራቸውን በአደባባይ መናገር ለአይሁድ ጠላቶች መሣሪያ ማቀበል ነው የሚል ብርቱ ተቃውሞ ገጠማት። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ጽሑፎቿ በእርግጥ ለጥላቻ ቅስቀሳ ውለዋል። ሆኖም የማኅበረሰቡን ክብር ለመጠበቅ ሲባል የሚከፈለው ዋጋ በተሸጡት ልጃገረዶች ላይ ብቻ ሲወድቅ ዝምታው የሚጠብቀው የማንን ክብር እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል፤ በዚህ ረገድ የፓፐንሃይም አቋም ከተቃዋሚዎቿ የጠነከረ ነው። ፓፐንሃይም ራሷ ሃይማኖቷን የምትጠብቅ ሴት መሆኗም ለክርክሩ ክብደት ጨምሮለታል።

በ1904 የመሠረተችውና ለ20 ዓመታት የመራችው የጀርመን የአይሁድ ሴቶች ማኅበር በ1920ዎቹ ወደ 50,000 የሚጠጉ አባላት ነበሩት። ማኅበሩ በባቡር ጣቢያዎች ብቻቸውን የሚጓዙ ልጃገረዶችን ይቀበል፣ ያማክርና ያስጠነቅቅ ነበር፤ በሌላ በኩል የጀርመን ሴቶች በአገራቸው ምርጫ መሳተፍ ከጀመሩ በኋላም ብዙ የአይሁድ ማኅበረሰቦች የነፈጓቸውን ድምፅ ለማስገኘት ታግሏል።

የማኅበሩ ሥራ ግን ከነቀፌታ የጸዳ አይደለም። በ1907 በኖይ-ኢዘንቡርግ የተከፈተው ቤት ሳያገቡ የወለዱ እናቶችን ከነልጆቻቸው መቀበሉ በዘመኑ ድፍረት ቢሆንም፣ ልጃገረዶቹን ያሠለጥን የነበረው በአመዛኙ ለቤት አያያዝ ነው፤ ስለዚህ የባለጸጋ ቤት እመቤትና የቤት ሠራተኛ ልዩነት ሳይነካ ቀርቷል። በናዚ ዘመንም ፓፐንሃይም ልጆችን ያለ ወላጆቻቸው ወደ ፍልስጥኤም መላክን ተቃውማ ነበር። ተቃውሞው ቤተሰብን ከመጠበቅ እምነቷ የመነጨ ቢሆንም፣ በኋላ በአይሁድ ላይ ከደረሰው ጭፍጨፋ አንጻር ሲታይ ከአቋሞቿ ሁሉ ለመከላከል የሚከብደው ይህ ነው።

ፓፐንሃይም በናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ በጌስታፖ ተጠርታ ከተመረመረች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በግንቦት 1936 አረፈች። ማኅበሩ በ1938 ሲፈርስ በዚያው ዓመት የኖይ-ኢዘንቡርጉ ቤት ጥቃትና ቃጠሎ ደረሰበት፤ በ1942ም ተዘጋ፣ ነዋሪዎቹም ተጋዙ። በአጉና ጉዳይ ከረቢዎች የጠየቀችው ማሻሻያ በሕይወቷ አልተሳካም፤ የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት ሥር ባለባት እስራኤል በ1995 የወጣው ሕግ የፍቺ ደብዳቤ በሚከለክሉ ባሎች ላይ ቅጣት እንዲጣል ቢፈቅድም፣ ደብዳቤውን የመስጠት ሥልጣን ዛሬም በባልየው እጅ ነው።