ከዘውዱ በኋላ ያለው ሃያ ደቂቃ

«ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ» ላይ የሚነሳው ትልቁ ቅሬታ ዕድሜው ከፊልሙ ጋር እኩል ነው፦ አያልቅም። ቀለበቱ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ይቀልጣል፣ የጨለማው ግንብ ይናዳል፣ የጠላት ሠራዊት ይበተናል። ተመልካቹ «እፎይ» ብሎ ጫማውን በእግሩ መፈለግ ይጀምራል። ስክሪኑ ይጨልማል። ከዚያ ደግሞ ይበራል፦ ፍሮዶ አልጋ ላይ ነቅቷል፣ ጓደኞቹ እየሳቁ ይገባሉ። እንደገና ይጨልማል። አራጎርን ዘውድ ይጭናል። አለቀ ስንል አራቱ ትንንሽ ሰዎች በፈረስ አገራቸው ይገባሉ። ከዚያ ጠላ ቤት መሳዩ ቦታ፣ ከዚያ ሰርግ፣ ከዚያ ወደብ፣ ከዚያ የሳም በር። አንዳንዱ አምስት መጨረሻ ቆጥሯል፣ ሌላው ስድስት።

የፒተር ጃክሰን ሦስተኛ ፊልም በ1996 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወጥቶ 11 ኦስካር ወሰደ፤ የታጨባቸውን ሁሉ ማለት ነው። 3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ይረዝማል። እኛ አካባቢ ግን ይህን ፊልም ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። ለእኔ ትውልድ የመጣው በፍላሽ ነው። ፊልም የሚጭኑ ሱቆች ነበሩ፤ የሦስቱም ክፍል ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ይሸጣል፣ ሰብታይትሉ አንዳንዴ አራት ሰከንድ ይቀድማል። ከዚያ ዶርም ውስጥ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ይባዛል። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የፈተና ሳምንት ሲያልቅ ስምንት ሰው አንድ ስክሪን ላይ ተደርድሮ ሌሊቱን የሚያነጋው በእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ነው።

በዶርማችን አንድ ልጅ ምን አደረገ መሰላችሁ? ፋይሉን በቪዲዮ መቁረጫ ሶፍትዌር ከፍቶ ከዘውዱ በኋላ ያለውን ቆርጦ ጣለው። ሕዝቡ ሁሉ ለአራቱ ሆቢቶች ሲንበረከክ ያበቃል። ስሙን «የተስተካከለ» ብሎ አስቀመጠው። ቀለል ስለሚል ይሁን ስለሚጣፍጥ፣ ከግቢው የተሰራጨው ያ ፋይል ነበር። ከዓመታት በኋላ ፍሮዶ በመርከብ መሄዱን ስነግረው «ከየት አመጣኸው?» ብሎ የተሟገተኝ ሰው አለ። ልጁ ያደረገው በዓለም ዙሪያ ብዙ የፊልሙ አፍቃሪ በአፉ የሚለውን ነው፦ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

እኔ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቆረጥና ያ ሃያ ደቂቃ ይቅር ባይ ነኝ። እሺ፣ አጋነንኩ። ግን ፊልሙ ዝም ብሎ ትልቅ ፊልም ከመሆን የዳነው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ደብረ ታቦር ለሚኖር ሰው «ንጉሡ ይመለሳል» የሚለው ነገር እንግዳ ተረት አይደለም። ከምሥራቅ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ፍርድ ያስተካክላል፣ ረሃብና ጦርነት ይቆማል የሚል ትንቢት ለዘመናት ሲነገር ኖሯል። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. የካቲት ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ ደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ያንን ስም ለራሱ የወሰደው በአጋጣሚ አልነበረም። ሽፍትነት፣ ቆላ ለቆላ መንከራተት፣ መናቅ፣ ከዚያ ዘውድ። የአራጎርን መንገድ ማለት ነው፤ ጃክሰን ደረስጌ ላይ ካሜራውን ቢያቆም ኖሮ 11 ኦስካሩን እኛ እንወስደው ነበር።

ግን ካሜራው አልቆመም። የነገሠው ሰው ወታደር በደመወዝ እንጂ በዘረፋ እንዳይኖር ፈለገ፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል የቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ደረሰ፤ ካህናቱ ጠሉት፤ አገሩ ሸፈተ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስቦ ሴባስቶፖልን አስወቀረ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ያንን መድፍ ይዞ ወደ መቅደላ ሲነሣ ከተማችንን ያቃጠላት ራሱ ነው። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ፦ ትንቢቱ የተፈጸመለት ንጉሥ፣ ዋና መቀመጫውን፣ በገዛ እጁ። ከዚያ መንገድ እየደለደሉ፣ መድፉን በሰው ጉልበት እየጎተቱ ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጉዞ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ሽጉጡን ጠጣ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። እኛም ራሳችን ታሪኩን የምናቆመው ሽጉጡ ላይ ነው፤ ቴአትሩም፣ ልብ ወለዱም፣ ፉከራውም። ዓለማየሁ እንደ ተጨማሪ መጨረሻ ስለሚቆጠር መሰለኝ፣ ከመቅደላ ጋር አብሮ የሚተርከው ጥቂት ሰው ነው።

ጆርጅ አር. አር. ማርቲን እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገው ቃለ ምልልስ ቶልኪንን የጠየቀው ይህንኑ ነው። አራጎርን መቶ ዓመት በጥበብ ገዛ ይባላል፤ የግብር ፖሊሲው ምን ነበር? ቋሚ ጦር ነበረው? የተረፉትን ኦርኮች ምን አደረጋቸው? የፊልሙ አፍቃሪዎች በዚህ ተናደዱ፣ «ተረት ነው እኮ» አሉ። ጥያቄው ግን ፌዝ አይደለም። ቴዎድሮስን የጣለው ይኸው የግብር ጥያቄ ነው። የማርቲን ችግር ሌላ ነው፤ ከጦርነት በኋላ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። ቶልኪን መልሱን ያስቀመጠው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳይሆን መንደር ውስጥ ነው።

ፊልሙም ከዘውዱ በኋላ የሚሄደው ወደ መንደር ነው። አራቱ ወደ ሻየር ሲገቡ አንድ ሽማግሌ ቀና ብሎ በጥርጣሬ ያያቸዋል። ማንም እልል አይልም። ማታ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሰዉ ሁሉ የተሰበሰበው አንድ ትልቅ ዱባ ዙሪያ ነው። አራቱ ዓለምን አድነው ተመልሰዋል፣ ሰፈሩ የሚያደንቀው ዱባ ነው። ይተያያሉ። ብርጭቆ ያነሣሉ። አንድ ቃል አይናገሩም።

በሙሉው ሦስት ፊልም ውስጥ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለም። ጃክሰን ብዙ ጊዜ ስሜቱን በሙዚቃና በቀስታ በሚሄድ ምስል ይጫንብሃል (አልጋው ላይ ያለው ሳቅ ለምሳሌ፣ እውነቴን ነው፣ እሱን ልጁ ቢቆርጠው ባልከፋኝ)። እዚህ ግን እጁን ሰብስቧል። እኛ አገር ከዘመቻ የተመለሰ ሰው እንዲፎክር ይጠበቃል፤ የገደለውን ይቆጥራል፣ ስሙን ይጠራል፣ ሴቱ እልል ይላል። አሁን አሁን ግን ጠላ ቤት ጥግ ይዞ ብርሌውን እያዞረ ዝም የሚል ወጣት ታያላችሁ። ስለ ኳስ ሲወራ ይሰማል። የት ነበርክ የሚለው የለም፤ ቢጠየቅም አይመልስም። እሱን ያየ ሰው የዱባውን ትዕይንት «ይጎተታል» ሊል የሚችል አይመስለኝም።

ሆኖም ፊልሙን እስከ መጨረሻው ልከላከለው አልችልም፣ ምክንያቱም ዋናውን ነገር ዘሎታል። መጽሐፉ ውስጥ አራቱ ሲመለሱ ዱባ አይደለም የሚጠብቃቸው። ከመጨረሻው በፊት ባለው ምዕራፍ ሻየር ተይዛለች። በየግድግዳው የሕግ ዝርዝር ተለጥፏል፣ መጠጥ ቤቶች ተዘግተዋል፣ እህሉ «ለማከፋፈል» እየተባለ ይሰበሰብና ተመልሶ አይመጣም። ዛፎቹ ወድቀዋል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ልደት የተከበረበት ያ ትልቅ ዛፍ እንኳ ተቆርጦ ሜዳ ላይ ተጋድሟል። ይህን ሁሉ ያደረገው የተሸነፈውና የተዋረደው ሳሩማን ነው፣ ከገዛ ሆቢቶቹ ውስጥ ረዳት አግኝቶ። ሊያባርሩት ጦርነት ይገጥማሉ። 19 ሆቢቶች ይሞታሉ፣ ከወንበዴዎቹ 70 የሚጠጉ። በመቶ ሺህ ከሚቆጠረው የፊልሙ ሠራዊት አጠገብ ይህ ቁጥር ምንም ነው። ግን የነዚህ 19 ሰዎች ስም በመንደራቸው ይታወቃል፣ ተጽፎም ይቀመጣል።

ጃክሰን ይህን አውጥቶታል። ሳሩማንም ግንቡ ላይ ይሞታል፣ ያውም በረጅሙ ቅጂ ብቻ፤ ሲኒማ ቤት በታየው ላይ የክሪስቶፈር ሊ ትዕይንት ጭራሽ አልነበረም፣ ተዋናዩም ተቆጥቶበት ነበር። መከላከያው ይገባኛል። ተራራው ከፈነዳ በኋላ ሌላ ጦርነት መክፈት ለፊልም አይመችም፤ ሃያ ደቂቃ ያልቻለ ተመልካች አንድ ሰዓት ሊችል ነው? ግን ነገሩን ያስጀመረው ራሱ ፊልሙ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ፍሮዶ በጋላድሪኤል መስታወት ውስጥ ሻየር ስትነድ፣ ሰዎቿ በሰንሰለት ሲነዱ አይቷል። ያ ምስል የተከፈተ ቅንፍ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ያልተዘጋ ቅንፍ ያናድደዋል፤ እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ፍሮዶ ያየው ቢሸነፍ ኖሮ የሚሆነውን ነው ብላችሁ ልትዘጉት ትችላላችሁ። እንግዲያ ያሸነፈ ሰው አገሩ ሳትነካ ትጠብቀዋለች ማለት ነው?

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ንፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀን በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። በዚያ ዘጠኝ ቀን ሴቶች ላይ የደረሰው በአምነስቲ ሪፖርት ተመዝግቧል። ጉና ሥር ውጊያ ነበር፤ ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ በቤታቸው ያሉ ሰዎች ሞቱ። ያ ጦርነት በስምምነት ቆመ ተባለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ ጦርነት ነው፣ በዚህኛው ተፋላሚዎቹ ትናንት በአንድ ምሽግ የነበሩ ናቸው። የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ስለነበር ያረጁት ፍላሾችና ሃርድ ዲስኮች ከመሳቢያ ወጡ። የሆቢቶቹን መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆረጥ ያዩ ሰዎች ያገኘሁት ያኔ ነው። ማንም «ረዘመ» አላለም። አንዱ ያለው «እነዚህስ ዕድለኞች ናቸው፣ ቤታቸውን እንዳለ አገኙት» ነው። ይህ ከየትኛውም የፊልም ሃያሲ የተሻለ ትችት ነው፤ መጽሐፉን ሳያነብ የጎደለውን ምዕራፍ ጠቆመ።

ቶልኪን ለሁለተኛው እትም በጻፈው መቅድም ይህ ምዕራፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለነበረችው እንግሊዝ የተጻፈ ምሳሌ አይደለም ብሎ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1918 ከቅርብ ጓደኞቹ ከአንዱ በቀር ሁሉም ሞተው እንደነበርም እዚያው ጽፏል። እሱ ራሱ ሶም ላይ ተዋግቷል። ምሳሌ አይደለም ማለቱን አምናለሁ። ምሳሌ ሆኖ ቢሆን ለእኛ ባልደረሰ ነበር።

ሌላው የዶርም ክርክር ፍሮዶ ላይ ነበር። ጫፉ ላይ ደርሶ ቀለበቱን አልጥልም ይላል፤ ጎለም ጣቱን ነክሶ ባይወስድበት ሁሉ ነገር አብቅቶ ነበር። «ከሃዲ ነው፣ ጀግናው ሳም ነው» የሚለው ወገን ሁልጊዜ በድምፅ ብልጫ ያሸንፋል። ጃክሰንም ሳይፈራ አልቀረም፤ በመጽሐፉ ጎለም በራሱ እግር አዳልጦት ሲወድቅ፣ በፊልሙ ፍሮዶ ተነሥቶ ታግሎት አብረው ከጫፉ ይንሸራተታሉ። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። ጀግናው በመጨረሻ «አንድ ነገር አደረገ» እንድንል የተጨመረች ናት። መጽሐፉ ይህን አይሰጠንም። ፍሮዶ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ ተሰበረ፣ ሰው ግን አልከሰሰውም፤ ሻየር ውስጥ በተደረገው ውጊያም ሰይፍ አልመዘዘም፣ የሠራው ሥራ እጃቸውን የሰጡት እንዳይገደሉ መከላከል ነበር። ዳር ላይ የተወደሰውን ሳይሆን ይህን ሰው ነው መርከቡ የወሰደው። የተቆረጠውን ፋይል ያየ ተመልካች ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው የለም፤ ለእሱ ፍሮዶ የተንበረከኩለት ሰው ነው።

«ዘ ሆቢት» ላይ ያው ጃክሰን በተቃራኒው ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመጨረሻው ክፍል 144 ደቂቃ ነው፣ አብዛኛው ውጊያ። ቶሪን ይሞታል፣ ቢልቦ ቤቱ ይገባል፣ በቃ። አፍቃሪዎቹ ምን አሉ? ቀብሩ የታለ? ማን ነገሠ? ዕንቁው የት ገባ? ቀብሩ በዓመቱ በረጅሙ ቅጂ ተጨመረ። ማለቂያ የለውም ብለው የጮኹት ሰዎች ናቸው አሁን ደግሞ ማለቂያውን የጠየቁት።

መጽሐፉ ውስጥ ጋላድሪኤል ለሳም የሰጠችው ትንሽ ሣጥን ነው፤ ከአትክልቷ የተዘገነ አፈርና አንዲት ፍሬ አለበት። ሳም ተመልሶ ሲያይ ዛፎቹ ተቆርጠዋል፤ አፈሩን ዛፍ በወደቀበት ሁሉ ቅንጣት ቅንጣት እያደረገ አገሩን ዞረ፣ ፍሬዋን ደግሞ ትልቁ ዛፍ በነበረበት ሜዳ ተከላት። በፊልሙ ሻየር ስላልተነካች አፈሩ አያስፈልግም። ሳም የሚሰጠው ገመድ ነው፣ እሱም በረጅሙ ቅጂ ብቻ።