ለአንድ ፎቶግራፍ የተሰበሰበ ገበና፦ የ«ካፑር ኤንድ ሳንስ» ሂሳዊ ዳሰሳ

የዘጠና ዓመቱ አዛውንት አማርጂት ካፑር ሞቶ መተኛትን እንደ ጨዋታ ይዘውታል። ቤተሰቡም ቀልዱን ስለለመደ ብዙ አይደነግጥም። አንድ ቀን ግን ልባቸው የምር ይታመምና ሆስፒታል ይገባሉ። ዜናው የደረሳቸው ሁለት የልጅ ልጆች፣ ራሁል ከለንደን፣ አርጁን ከአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት፣ በኒልጊሪ ተራሮች ላይ ወደምትገኘው የወላጆቻቸው ከተማ ኩኑር ይመለሳሉ። ሻኩን ባትራ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2016 ለእይታ የበቃው «ካፑር ኤንድ ሳንስ» የተሰኘው የሂንዲ ፊልም የሚነሣው ከዚህ ነው። ሳቅና ሕመም ገና ከመግቢያው ተጣምረው ይመጣሉ፤ ፊልሙም እስከ ፍጻሜው ሁለቱን ለመነጠል አይሞክርም።

አዛውንቱ ሁለት ምኞት አላቸው። አንደኛው፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸውና፣ በሠራዊቱ መካነ መቃብር መቀበር ነው። ሁለተኛው መላው ቤተሰብ አንድ ላይ ቆሞ ፎቶ እንዲነሣና «ካፑርና ልጆቹ፣ ከ1921 ጀምሮ» ተብሎ እንዲጻፍበት ነው። የድሮ ሱቅ ታፔላ የሚመስለው ይህ ጽሑፍ የፊልሙ ሙሉ ርእስም ሆኗል። ባትራና የድርሰቱ አጋር አየሻ ዴቪትሬ ዲሎን ሴራውን በሙሉ የተከሉት በዚህች ትንሽ ምኞት ላይ ነው። ተመልካቹ እንዲከታተል የተሰጠው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ለአንድ አፍታ ጎን ለጎን ቆመው ፈገግ ማለት ይሆንላቸው ይሆን? ጥያቄው ቀላል በመሆኑ ብዙ መሸከም ችሏል።

የፊልሙን ድፍረት ለመመዘን የወጣበትን ቤት ማየት ይጠቅማል። ፊልሙን የሠራው የካራን ጆሃር ኩባንያ ዳርማ ፕሮዳክሽንስ ነው። ጆሃር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2001 ያዘጋጀው «ካቢ ኩሺ ካቢ ጋም» ያለ አባቱ ፈቃድ አግብቶ ከቤት የወጣ የማደጎ ልጅ፣ ለንደን ድረስ ሄዶ የሚያስታርቅ ታናሽ ወንድምና በእንባ የሚታጠብ ይቅርታ የሞላበት ታሪክ ነበር። እኛም አገር በሕንድ ፊልም ያደገ ተመልካች አሳምሮ የሚያውቀው ይህንኑ ሥርዓት ነው፤ ቤተሰብ ይሰበራል፣ ይጠገናል፣ መሠረቱ ግን አይጠየቅም። ባትራ በዚያው ኩባንያ ገንዘብና በዚያው ዘውግ ውስጥ ሆኖ መሠረቱን ይጠይቃል። ቤተሰቡን ያናጋው ከውጭ የመጣ ባላንጣ አይደለም። አባላቱ እርስ በርስ የሚዋደዱበት መንገድ ራሱ ነው ያናጋው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ገበናውን ሳይቸኩል ይገልጣል። አባትየው ሃርሽ የባንክ ሥራውን ትቶ የገባበት ንግድ አልሰመረለትም። እናትየዋ ሱኒታ የምግብ ዝግጅት ሥራ ልትከፍት ታስባለች፤ ባሏ ግን የባንክ ተቀማጯን ሳይነግራት አንሥቶ አጥፍቶታል። አኑ የምትባል የሃርሽ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ስሟ በተነሣ ቁጥር በባልና ሚስቱ መካከል የቆየ ቁስል ይነካል። ራሁል ስሙን የተከለ ደራሲ፣ የቤቱ እንከን የለሽ ልጅ ነው። አርጁን በበኩሉ መጠጥ ቤት እየሠራ ይጽፋል፤ ወንድሙን ዝነኛ ያደረገው ልቦለድ ከእኔ የተሰረቀ ነው ብሎም ያምናል። ከዚህ ሁሉ አንዱም በተራኪ ድምፅ ወይም በምልሰት አይነገረንም። መረጃው የሚደርሰን ሰዎቹ ለመጣላት ብለው ሲያነሡት ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ቤት ያለፈ ነገር የሚታወሰው ለክስ ሲፈለግ ብቻ ነው። በጽሑፍ ጥበብ ረገድ ይህ ከፍ ያለ ብስለት ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የቧንቧው ትዕይንት ነው። ቤት ውስጥ ቧንቧ ያፈሳል፤ ሠራተኛ ተጠርቶ መጥቷል። ሥራው ሳያልቅ ሃርሽና ሱኒታ ስለ ገንዘብ ይጀምራሉ፤ ወንድማማቾቹ በሌላ ጉዳይ ይገባሉ። አንዱ ያነሣውን ሌላው ይነጥቀዋል፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደራረባል፤ ቧንቧ ሠሪው ደግሞ የሰው ገመና መሀል ተይዞ መሥራትም መውጣትም ይቸግረዋል። ትዕይንቱ ያስቃል። ሆኖም ሳቁ ሳያበቃ ይህ ጠብ የዛሬ አለመሆኑን፣ ሁሉም ተራውንና ቃሉን በቃሉ እንደሚያውቅ እንረዳለን። የማያውቀው እንግዳው ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ደራሲዎቹ እሱን እዚያ ያቆሙት የተመልካቹ ወኪል አድርገው ነው።

የምልልሱ ቋንቋ የቤት ቋንቋ ነው። ሂንዲና እንግሊዝኛ ተቀላቅለው ይነገራሉ፤ ዐረፍተ ነገሮች ሳይቋጩ ይቀራሉ፤ ለጭብጨባ የተቀመረ ንግግር እምብዛም የለም። የጄፍሪ ቢየርማን ካሜራም ይህንኑ ያግዛል። ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው ተራ በተራ ከመቁረጥ ይልቅ በሰዎቹ መሀል እየተንቀሳቀሰ፣ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ሰምቶ ያልሰማ የመሰለውንም ይይዛል። ኩኑርም ለፖስት ካርድ አልተጋበዘችም። ጭጋጉና አረንጓዴው ኮረብታ ከመስኮት ውጭ ናቸው፤ ድራማው ወጥ ቤትና ሳሎን ውስጥ ነው። መቼቱ በዚህ ልክ መገደቡ ለታሪኩ ጠቅሞታል።

ትወናው የተመሠረተው በዚሁ ቁጥብነት ላይ ነው። ራትና ፓታክ ሻህ ሱኒታን ስትጫወት ለማሳዘን አትሽቀዳደምም፤ ነገረኛነቷን፣ አድሏዊነቷን፣ ተጎጂነቷን በአንድ ፊት ታሳየናለች። ራጃት ካፑር ሃርሽን ሲጫወት ውድቀቱን በቁጣ የሚሸፍን ሰው ዝምታ ይሰጠዋል። ፓኪስታናዊው ተዋናይ ፋዋድ ካን ከሁሉም ያነሰ በመናገር ብዙ ያስተላልፋል፤ ራሁል ፈገግታውን እንደ ግዴታ የተሸከመ ሰው መሆኑን ምክንያቱን ከማወቃችን በፊት እንጠረጥራለን። ሲድሃርት ማልሆትራ ብቃቱ ከባልደረቦቹ ዝቅ ቢልም አርጁን ራሱ በወንድሙ ጥላ ሥር ያለ ሰው በመሆኑ ጉድለቱ አይጎረብጥም። አዛውንቱን አማርጂትን የሚጫወተው ሪሺ ካፑር በዚያን ጊዜ ገና በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ የኦስካር ተሸላሚው የሜክአፕ ባለሙያ ግሬግ ካኖም አስረጅቶታል። ሽፋኑ ፊቱን ያደነዘዘባቸው ትዕይንቶች መኖራቸው አይካድም፤ ዓይኑና የድምፁ ተንኮል ግን ወፍራሙን ሽፋን አልፈው ይወጣሉ። ለዚህ ሚና የፊልምፌርን የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት ማግኘቱ ያንሰው ይሆናል እንጂ አይበዛበትም።

የራሁል ምስጢር ወንድ አፍቃሪ መሆኑ ነው። ፊልሙ በወጣበት ዓመት የሕንድ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 377 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል ያስጠይቅ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንቀጹን በዚህ ረገድ የሻረው ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ነው። ስለ ጉዳዩ ተመልካች የየራሱ አቋም ይኖረዋል። ከጥበብ አንጻር ሊታይ የሚገባው ግን ደራሲዎቹ ምስጢሩን ለመፈክርም ለመሳለቂያም አለማዋላቸው፣ በእናትና በልጅ ግንኙነት ውስጥ ማስቀመጣቸው ነው። ሱኒታ የምታዝነው እንከን የለሽ ብላ ያነጸችው ልጅ በውኑ እንዳልነበረ ስታውቅ ነው። በዚሁ ሰዓት የአርጁንን ድርሰት ለራሁል አሳልፋ የሰጠችው እሷ እንደነበረች ይገለጣል። ሌባ ሲፈለግበት የኖረ ወንጀል የእናት አድልዎ ሆኖ ተገኘ፤ በፊልሙ ሴራ ከዚህ የበለጠ የታሰበበት መገለጥ የለም። ይሁን እንጂ የራሁል የፍቅር ጓደኛ ሥጋ ለብሶ ገጸ ባሕርይ ለመሆን አልበቃም። ጥንቃቄው ከልክ ሲያልፍ ራሁልን ከፍቅሩ ለይቶ በምስጢሩ ብቻ እንድናውቀው አድርጓል።

ዋናው ወቀሳዬ ጡዘቱ ላይ ነው። ፎቶው በሚነሣበት ቀን ሁሉም ምስጢር በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ የሃርሽና የአኑ ነገር፣ የራሁል ማንነት፣ የድርሰቱ ጉዳይ፣ አርጁን የወደዳት ቲያ ራሁልን መሳሟ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ቢባልም አራት ጉድ በአንድ ከሰዓት በኋላ መከመሩ የደራሲውን እጅ ያጋልጣል። ያም ይታለፍ። የከፋው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሃርሽ በንዴት መኪና አስነሥቶ ይወጣና በአደጋ ይሞታል። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ሕመም ከሰዎቹ ምርጫ የሚመነጭ ነበር፤ አሁን ግን መንገድ ላይ የተገኘ ሞት መጥቶ ምርጫውን ከእጃቸው ይነጥቃል። ሃርሽ ሚስቱን ምን ይላት ነበር? ሱኒታስ ይቅር ትለው ነበር? ፊልሙ ከዚህ ከባድ ጥያቄ በሐዘን በኩል ያመልጣል።

ልዩነቱን ለማየት የሚራ ናይርን «ሞንሱን ዌዲንግ» (2001) ማስታወስ ይበቃል። እዚያም የተሰበሰበ ቤተሰብ፣ የተደራረበ ጫጫታና የተቀበረ ገበና አለ፤ ራጃት ካፑርም የበደለኛውን ዘመድ ሚና ይዞ ይተውናል። በዚያ ፊልም ግን የሙሽራዋ አባት ባለውለታውን ዘመድ በሰው ፊት ከሠርጉ ያስወጣዋል፤ ቤተሰቡን የሚያድነው ዋጋ የተከፈለበት ውሳኔ ነው። «ካፑር ኤንድ ሳንስ» ላይ አስታራቂው ሞት ነው፤ ሞት ደግሞ ማንንም ምንም እንዲወስን አያስገድድም።

ሁለተኛው ድክመት ቲያ ናት። አሊያ ባት በተፈጥሯዊ ቅልጥፍና ብትጫወታትም ገጸ ባሕርይዋ የተፈጠረችው ለሴራው አገልግሎት ነው። ወላጆቿን በአውሮፕላን አደጋ ማጣቷ ለሃርሽ ሞት ንግር ሆኖ ያገለግላል፤ ራሁልን መሳሟ ወንድማማቾቹን ያጋጫል፤ የራሷ ፍላጎት ግን ብዥታ ውስጥ ይቀራል። ፊልሙ ያለ እሷም መቆም ይችል ነበር ማለት ይቻላል፤ ስለ አንዲት ዐቢይ ገጸ ባሕርይ ከዚህ የከበደ አስተያየት የለም። ለገበያ የተጨመረው የጭፈራ ዘፈንም ከዚያ ቤት ቁጥብ ድምፅ ጋር አይገጥምም።

ስለ ፍጻሜው ግን ለፊልሙ ፍትሕ መስጠት ይገባል። ከሐዘኑ በኋላ የተበተኑት ወንድማማቾች በአያታቸው ጥሪ ይመለሳሉ፤ ፎቶውም ይነሣል። ሃርሽ በቦታው የቆመው ከካርቶን በተቆረጠ ሙሉ ቁመና ምስል ነው። ይህ ድንገት የመጣ ብልሃት አይደለም። ቀደም ብሎ አዛውንቱ የሚወዷት ተዋናይት የማንዳኪኒ ተመሳሳይ የካርቶን ምስል ቤት ውስጥ ቆሞ ስቀንበታል። ማንዳኪኒ የታወቀችበትን የ1985ቱን «ራም ቴሪ ጋንጋ ማይሊ» ያዘጋጀው ደግሞ የሪሺ ካፑር አባት ራጅ ካፑር ነው፤ ቀልዱ ለሚያውቀው ድርብ ነው። ያሳቀን ዕቃ ተመልሶ ሲያስለቅሰን ንግሩ በትክክል መሥራቱን እናያለን። ከሁሉ በላይ ምስሉ ጉድለቱን አይደብቅም። የሌለው ሰው መኖሩን ፎቶው በግልጽ ይመዘግባል፤ የቤተሰቡ እርቅም ቁስሉ የዳነ መስሎ አይቀርብም።

ስለዚህ ፍርዱ ሚዛኑን ጠብቆ መሰጠት አለበት። ሞትን እንደ አቋራጭ መጠቀሙ ፊልሙን ከታላላቆቹ ተርታ አንድ ደረጃ ያወርደዋል፤ ቲያን አለማሟላቱም ሌላ ዕዳ ነው። በአንጻሩ በምልልሱ፣ በትዕይንት አሠራሩና ለእያንዳንዱ ጥፋተኛ ምክንያቱን በመስጠቱ በዘመኑ የሂንዲ የቤተሰብ ድራማ ውስጥ ከእሱ የሚስተካከል ጥቂት ነው። የፊልምፌር የታሪክና የስክሪንፕሌይ ሽልማቶች ለባትራና ለዲሎን መሰጠታቸው ተገቢ ነበር። ስለ ቤተሰብ የሚጽፍ ሰው ከእነሱ ሁለት ትምህርት ሊወስድ ይችላል። አንደኛው፣ የወላጅ አድልዎ በደል ሆኖ ለመታየት ክፉ ወላጅ አያስፈልገውም። ሁለተኛው፣ ጠብን እንዲህ አሳምሮ መጻፍ የቻለ ደራሲ እርቁንም ለአደጋ ሳይተው በሰዎቹ ቃል ሊጽፈው ግድ ይለዋል።